የጋሽ በየነ አውራ ጣት

የጋሽ በየነን መሞት የነገረኝ ባለሱቁ ሸምሱ ነው። ከኮልፌ እስከ ኮተቤ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ መጥቶ፣ የማስተምርበት ክፍል በር ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ሸምሱ ማለት ለራሱ ሠርግ እንኳ ሱቁን ግማሽ ቀን ብቻ የዘጋ ሰው ነውና ገና ሳየው ክፉ ነገር እንደመጣ ገባኝ።

«አስተማሪዋ፣ ጋሽ በየነ አረፉ» አለኝ።

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት፣ ሐኪም ቤት። ሳል ጠናባቸው ብለን ወስደናቸው በዚያው ቀሩ።» ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው። «ሬሳውን ግን ከለከሉን። ዕድሩ መኪና ይዞ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። የሥጋ ዘመድ መጥቶ ካልፈረመ አይሆንም አሉ። ጋሽ በየነ ደግሞ ሰው እንደሌላቸው አንቺም ታውቂያለሽ። መቃብሩ ቀራንዮ ተቆፍሮ ይጠብቃል። ግራ ቢገባን አንቺን አስታወስን።»

ፊርማ! ወይ አምላኬ፣ ከነገር ሁሉ ፊርማ! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። የድሮው ጋሽ በየነ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ከሞቱበት ብድግ ብለው በእግራቸው ወደ ቀራንዮ ይሄዱ ነበር።

ለርእሰ መምህሩ ተናግሬ፣ ነጠላዬን ደርቤ ከሸምሱ ጋር ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ብዙ ነገር አወራኝ፤ አንዱንም አልሰማሁትም። እኔ የማስበው ስለ አንድ ጣት ነበር።

ጋሽ በየነ ግንበኛ ነበሩ። ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል እስከ ኮልፌ ገበያ ድረስ ካለው የድንጋይ ቤትና አጥር ውስጥ የሳቸው እጅ ያልነካው ጥቂት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ትንሽ ወደ ፊት ሰገግ ያለ ሰው ነበሩ። የኮታቸው ኪስ ከቱምቢ ተለይቶ አያውቅም። ቱምቢ ማለት በክር የሚንጠለጠል የብረት ሾጣጣ ነው፤ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለት አለማለቱን የሚያይበት። ለቅሶ ሊደርሱ የሰው ቤት ሄደው እንኳ በሩ ላይ ቆም ይሉና ቱምቢያቸውን ጣል አድርገው ያያሉ። «ይህን የሠራውን ሰው እግዜር ይቅር ይበለው» ብለው ነው የሚገቡት። የሞተውን ሰው ሳይሆን ግንበኛውን ማለታቸው ነው።

ኮልፌ ስመደብ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መውጣቴ ነው፤ አቤት የነበረኝ ኩራት! ጋሽ በየነ ግቢ ውስጥ የሚከራይ ክፍል አለ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ክፍሉን ወደድኩት። እንግዲህ የተማርኩ አይደለሁ፣ «ውሉን መቼ እንጻጻፍ?» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ቀስ ብሎ ወደ መዳፋቸው ገባ፤ አራቱ ጣቶች ከላዩ ተጨበጡበት። ጭልፊት ያየች ጫጩት እናቷ ክንፍ ሥር እንደምትገባው ማለት ነው።

«ውል? አፍ የለሽም እንዴ ልጄ?»

«አለኝ እንጂ።»

«እኔም አለኝ። አንቺ በሰላም ትኖሪያለሽ፣ እኔ ውጪ አልልሽም፤ አበቃ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!»

ከጓሮ በኩል የአንዲት ልጅ ድምፅ፣ «ኧረ አባባ! ሁልጊዜ እኔን ነው የምታጠፋኝ!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ በየነ ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፣ የሚስቀው ትከሻቸው ነው። የጮኸችው ሙሉ ናት፣ አንድ ልጃቸው፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያ ተረት በተነሣ ቁጥር ይቺኑ መልስ ትመልሳለች፤ እሳቸውም በመለሰች ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃሉ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሬ ስስቅ ኖርኩ።

የጣቱን ታሪክ ለመስማት ሳምንት አልፈጀብኝም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጣታቸውን «መናኙ» ይሉት ነበር፣ ከወረቀት ዓለም የመነነ ለማለት። ሸምሱ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት፣ «ጋሽ በየነ፣ መናኙ ደኅና አደሩ?» ይላቸዋል። «እግዜር ይመስገን፣ በጾም በጸሎት ላይ ናቸው» ብለው ያልፋሉ።

ነገሩ የመጣው ከሰላሌ ነው። ጋሽ በየነ እዚያ ከአባታቸው የወረሱት መሬት ነበራቸው። ጣልያን ከወጣ በኋላ አንድ ቀን የትልቅ ሰው ጸሐፊ ጠረጴዛውን ዛፍ ሥር ዘርግቶ ባላገሩን ሰበሰበ። ግብር መክፈላችሁን የሚመሰክር ወረቀት ነው፣ አውራ ጣታችሁን አሳርፉበት ተባለ። አሳረፉ። በዓመቱ ሞፈር ቀንበር ይዘው ሲወጡ፣ የሸጥከውን መሬት ምን ልታደርግ መጣህ ተባሉ። ፍርድ ቤት ቆሙ። ዳኛው ወረቀቱን አዙረው አሳዩዋቸው።

«ይህ ጣት ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያው ምን ትጮኻለህ?»

ይህን ሲያወሩ ጋሽ በየነ የዳኛውን ድምፅ ሁሉ ያወጡ ነበር። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው ያዩታል። «ሰው ቢመሰክርብኝ ምስክሩን እከሳለሁ። የገዛ ጣቴ ሲመሰክርብኝ ማንን ልክሰስ?»

ሚስታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ሚስታቸው ሙሉን ወልዳ ከአራስ ቤት አልተነሣችም። ጋሽ በየነ ልጅቷን በአንቀልባ አዝለው፣ ወንድ ነኝ አላሉም፣ ሥራ ፍለጋ ኮልፌን ዞሩ። አንድ የሥራ ተቋራጭ በቀን ሥራ ድንጋይ ሲገነቡ አይቶ ወደዳቸውና፣ እቀጥርሃለሁ፣ እዚች ላይ ጣትህን አሳርፍ አላቸው። ያን ጊዜ ሕዝብ በተሰበሰበበት ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ «ይህ ጣት ዳግመኛ ወረቀት ቢነካ ይቺን ያዘልኳትን ልጅ ይንሳኝ!» ብለው ማሉ።

ሰው ደነገጠ። በልጅ ይማላል? ተቋራጩም ደነገጠና ያለ ወረቀት ቀጠራቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራ አጥተው አያውቁም። ሙሉም አንድ ቀን እንኳ ጠንከር ያለ ሕመም አሟት አያውቅም። እሳቸው ይህን ሁሉ ከመሐላቸው ቆጠሩት። እንዴት አይቁጠሩት? ጣቱን ሲሰጡ መሬታቸው ሄደ፣ ጣቱን ሲነሱ ኑሯቸው ቀና። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ሌላ ምን እንደማስብ እንጃ።

እኔ ግን በሳቸው ቦታ አልነበርኩም። እናት አባቴን ያጣሁት ደብረ ማርቆስ፣ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። አንድ የደብር ጸሐፊ አዝኖልኝ ማመልከቻ ጻፈልኝ፤ በዚያች ወረቀት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። በወረቀት ተመረቅኩ፣ በወረቀት ተቀጠርኩ። ስለዚህ ወረቀት ለኔ እናቴ ነው፤ እናት ላይ ደግሞ አይቀለድም። ማታ ማታ ጋሽ በየነ ጭቃና ሲሚንቶ የነካውን እጃቸውን በረንዳው ላይ ሲታጠቡ እኔ እጀምራለሁ።

«ጋሽ በየነ፣ ጥፋቱ የወረቀቱ አይደለም፣ የጸሐፊው ነው። ማንበብ ቢችሉ ኖሮ አይሸወዱም ነበር። እኔን ይዩኝ፣ ያሳደገኝ ወረቀት ነው!»

«እሰይ፣ ያሳድግሽ። አንድ ውሻ ላንዱ ጭራውን ይቆላለታል፣ ሌላውን ይነክሰዋል። የተነከሰውን ሰው ውሻው ጨዋ ነው ብትዪው ይሰማሻል?»

«ውሻው ታስሯል እኮ ነው የምልዎት! አሁን ሕግ አለ።»

«ያኔም ታስሯል ብለውኝ ነበር» ይሉና እጃቸውን ያራግፋሉ። ሙሉ ከመሃላችን ተቀምጣ አንዴ የኔን ፊት አንዴ የሳቸውን እያየች ትስቃለች። አልተሸናነፍንም። አሁን ሳስበው አንዳችንም የሌላውን ነገር አልሰማንም፤ እኔ የራሴን ሕይወት ሳወራ ነበር፣ እሳቸውም የራሳቸውን።

ሙሉን አራት ዓመት አስተማርኳት። በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም፤ አንዳንዴ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት ቀስ ብላ ሳል ትልልኛለች፣ እንዳላፍር። በየመንፈቁ የውጤት ካርዷ ወላጅ ፈርሞበት መመለስ አለበት። የሙሉ ካርድ ግን ባዶውን ነበር የሚመለሰው። ጋሽ በየነ በፈንታው ራሳቸው ይመጣሉ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ጠርገው፣ ርእሰ መምህሩ ፊት ይቆሙና፣ «የልጄን ካርድ አይቼዋለሁ፤ በቃሌ አረጋግጣለሁ» ብለው እጅ ነሥተው ይወጣሉ። ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ ሳቁ፣ በመጨረሻ ለመዱት። ልብ በሉ፣ መንገድ ተገኝቶላቸው ነበር። ያ ነገር ሁሉም ዘንድ እንዲህ መንገድ የሚገኝለት መስሏቸው ይሆናል።

ሙሉ ስምንተኛ ክፍል ሆና የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ረቡዕ ቀን ሆዴን አመመኝ ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ፌጦ በጠበጡላት። ሐሙስም አልተሻላትም። ዓርብ ጠዋት ልጠይቃት ስገባ ጉልበቷን ሆዷ ላይ አጥፋ ላብ አጥምቋታል። ኧረ ጉድ ፈላ ብዬ ታክሲ ይዤ መጣሁና ከጋሽ በየነ ጋር አቅፈናት ከተማ ወደሚገኝ ትልቅ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አንዲት ነርስ ታስተረጉምለታለች። ሆዷን ነካ ነካ አድርጎ ትርፍ አንጀት ነው፣ አሁኑኑ ኦፕሬሽን መሆን አለባት አለ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ነርሷ አልጋውን እየገፋች ልትወስዳት ስትል የሐኪም ቤቱ ጸሐፊ አንድ ወረቀትና ጣት የሚነከርበት የቀለም ሰሌዳ ይዞ መጣ።

«አባት ማን ነው? እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

የጋሽ በየነ አውራ ጣት መዳፋቸው ውስጥ ገባ።

«ምን ይላል?» አሉ ወደኔ ዞረው። «እንዳለ አንብቢልኝ። አንዲት ቃል እንዳትደብቂኝ።»

እኔ ሞኟ አነበብኩ። በሕክምናው ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳት፣ ሞትም ቢሆን፣ ሐኪም ቤቱን አልጠይቅም ይላል። ሞት የሚለውን ቃል ሳነብ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጸሐፊው፣ «ማን አንብቢ አለሽ? የሁሉም ሰው ወረቀት እንዲሁ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ግን ሳይነበብ የሚፈረም ወረቀት አላውቅም፣ አራት ዓመት ሙሉ ለሳቸው የሰበክኩት ይህንኑ ነው።

«ልጄ ላይ ነው የማልኩት» አሉ ጋሽ በየነ። ድምፃቸው አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። «በሌላ ነገር ብምል ኖሮ... በሷ ነው እኮ የማልኩት!»

«ጋሽ በየነ፣ እግዜር ይህን አይቆጥርብዎትም! ሊያድኗት ነው!»

«አንቺ በልጅ ምለሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ልጅስ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ዝም በዪ ልጄ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። «የንስሐ አባቴ ከመሐላው ይፍቱኝ፤ ከፈቱኝ ጣቴን አይደለም አንገቴን እሰጣለሁ። ሮጬ እመጣለሁ።»

ሮጡ። በሕይወቴ ሽማግሌ እንዲያ ሲሮጥ አላየሁም። የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ሥላሴ ቤታቸው ቀራንዮ ነው፤ ነገር ግን ያን ቀን ተዝካር ተጠርተው ወደ ሆለታ መንገድ ሄደዋል። ጋሽ በየነ ይህን ያወቁት ቀራንዮ ከደረሱ በኋላ ነው። ከዚያ በጭነት መኪናም በእግርም ተከተሏቸው።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ከሙሉ ጋር ቀረሁ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ።

«እትዬ፣ አባባ የት ሄደ?»

«ይመጣል። አባ ጋ ሄዶ ነው።»

«በኔ ነዋ የማለው» አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ሁልጊዜ እኔን ነው የሚያጠፋኝ።»

ያን ጊዜ ተነሥቼ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ። «እኔ ልፈርምላት» አልኩት።

«ምኗ ነሽ?»

«አስተማሪዋ ነኝ። የቤታቸውም ተከራይ ነኝ።»

«አይሆንም። የሥጋ ዘመድ ነው የተባለው።»

ነርሷ ከኋላዬ ቆማለች። ቀሚሴን ጎተት አደረገችና በጆሮዬ፣ «እህቷ ነኝ በዪው እንጂ፣ ማን ያውቅብሻል?» አለችኝ።

እህቷ ነኝ። ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? «እንዴት ተደርጎ! ወረቀት ላይ ይዋሻል እንዴ?» አልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ወረቀት ላይ የሚዋሽ ሰው ማለት ለኔ ያ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ጸሐፊ ነው። ደግሞም የኔ ነገር ሁሉ የቆመው ወረቀት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ መዋሸት ያሳደገችኝን እናት መምታት መስሎ ታየኝ። ነርሷ ቀሚሴን ለቀቀችና ሄደች።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው መሐላቸውን አክብረው በሆለታ መንገድ ይሮጣሉ፣ እኔ እውነቴን አክብሬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ በሁለታችን መሃል ታቃስታለች።

ጋሽ በየነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ከራስ ጠጉራቸው እስከ ጫማቸው አቧራ ብቻ ናቸው፤ አንዱ ጫማቸው ተቀዷል። «ፈቱኝ! አባ በመስቀል ዳብሰው ፈቱኝ! አምጡት ወረቀቱን!» እያሉ ነው የገቡት። ጣታቸውን ከመዳፋቸው አወጡት። ጸሐፊው አውራ ጣታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ቀለሙን አስነካና ወረቀቱ ላይ ተጫነው። ጋሽ በየነ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ሐኪሙ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጣ። ነርሷ አጠገቡ ስላልነበረች ወደኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። አንጀቱ ፈንድቶ ነው የደረስንበት፣ መርዙ ሆዷ ውስጥ ተሠራጭቷል፤ ጠዋት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር አለኝ። ጠዋት ቢሆን ኖሮ። ሁለት ጊዜ ደገማት።

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ በየነ።

«እንጸልይላት አለ» አልኳቸው። አያችሁ፣ በአፌ መዋሸት እንዴት እንደቀለለኝ።

ሙሉ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አረፈች።

ቀራንዮ ቀብረናት ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ጋሽ በየነ አላለቀሱም። አውራ ጣታቸውን እያዩ ነበር። ሙሽራ እንኳ ሂናዋን እንደዚያ አታይም። ቀለሙ ጥፍራቸው ሥር ገብቶ አልለቀቀም ነበር።

«አባ ፈቱኝ» አሉኝ አጠገባቸው ስቀመጥ። «እግዜር ግን አልፈታኝም። ሁለት ጊዜ ሰጠሁት ይህን ጣት። አንዴ መሬቴን ወሰደ፣ አንዴ ልጄን። እንግዲህ አስተማሪ ነሽ፣ ሒሳቡን ንገሪኝ።»

ምን ብዬ ልንገራቸው? ጣትዎ አይደለም የገደላት፣ መዘግየትዎ ነው ልበል? እውነቱ ያ ነው፤ ሐኪሙ በጆሮዬ ነግሮኛል። ግን ጣታቸውን ነፃ አውጥቼ እግራቸውን መክሰስ ነው። የሮጡበትን ያን ሁሉ መንገድ ገዳይ ማድረግ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳርፋቸው አንድ እውነት ነበር። «ጋሽ በየነ፣ እኔ አምስት ሰዓት ላይ እህቷ ነኝ ብዬ ብፈርም ኖሮ ትድን ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለው። እሱን ደግሞ ልናገረው ፈለግኩና ለቀስተኛ ላስቀምጥ ብዬ ተነሣሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም። ባርባው ልነግራቸው አሰብኩ፣ አልነገርኩም። በሰማንያው አሰብኩ፣ አልነገርኩም። በሙት ዓመቷ ጠጅ ይዤ ቤታቸው ድረስ ገብቼ ስለ ዝናብ አውርቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያቺ ተረት ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። አንድ ቀን የዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ሳያስብ፣ «እንግዲህ የተናገሩት ከሚጠፋ...» ሲል ጋሽ በየነ ቆባቸውን አንሥተው ወጡ። ሰውየው ቀሪውን ዋጠው።

መናኙም ምናኔውን ተወ። ጣታቸው መዳፋቸው ውስጥ ሲገባ ዳግመኛ አላየሁትም፤ እጃቸው ተዘርግቶ ነው የሚውለው። ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ጣታቸውን ያገኝ ጀመር። ምን እንደሚል አይጠይቁም። ቤታቸው የቆመበት መሬት ባለቤት ወኪል ወረቀት ይዞ የመጣ ቀን እኔ ከክፍሌ ተንደርድሬ ወጣሁ።

«ጋሽ በየነ፣ ይቆዩ! ላንብብልዎት!»

«ምን ያደርጋል?» አሉ ጣታቸውን እያሳረፉ። «የሚወስደው ነገር የለም እኮ አሁን።»

ነበረ እንጂ። ቤቱ ነበረ። በገዛ እጃቸው ገንብተው፣ በቱምቢያቸው ለክተው ያቆሙት ቤት ያን ቀን የሌላ ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ በገዛ ግቢያቸው እንደኔው ተከራይ ሆኑ። እኔ ወረቀት የማምነው ሴት፣ ወረቀት አይንኩ ብዬ እየለመንኳቸው ነበር፤ እሳቸው ወረቀት የማያምኑት ሰው እያሳረፉ። ሁለታችንም ተገላብጠናል፤ ግን ለማንም አልጠቀመም። በዓመቱ ወደ ኮተቤ ተዛወርኩ። ደኅና ዋሉ ስላቸው ቱምቢያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ይህ ብቻ ነው ያልዋሸኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በየበዓሉ እመጣለሁ፣ ልነግራቸው አስባለሁ፣ ሳልነግራቸው እሄዳለሁ።

አውቶቡሱ ቆመ፣ ወረድን። ሐኪም ቤቱ ያው ነው። ኮሪደሩም ያው፣ አግዳሚው ወንበርም ያው። ጸሐፊው ግን ሌላ ወጣት ነው። ከበላዩ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፣ ከፊቱ የቀለም ሰሌዳው አለ። አንድ ትልቅ መዝገብ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል።

«የሟች ስም?»

«በየነ ወልዴ።»

«ምኑ ነሽ?»

ሸምሱ ነገሩን ሊያስረዳ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ቀደምኩት።

«ልጁ ነኝ።»

«ስም?»

«ሙሉ በየነ» አልኩ።

ሸምሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጸሐፊው ስሙን ጻፈ፣ መዝገቡን ወደኔ ገፋ፣ በብዕሩ ጫፍ ቦታውን አሳየኝ። ሙሉ በየነ ብዬ ፈረምኩ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

«ጨርሰሻል፣ ውሰዱ» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።